ሊፈታ የተሰፋ እጅጌ

«ኮከብ፣ ማዕረግ፣ ወይስ የስልክ ካርድ?» ይላል ወንድሟ፣ ላፕቶፑን የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ። «ሦስቱንም እንቀላቅላቸው ካልሽ ይቻላል። ብቻ የግሩፑን አዲስ ሽልማት ከምሳ በፊት ምረጪ።»

ልብስ ሰፊዋ በጥርሷ አራት ስፒል ነክሳለች።

ስልክ ላይ ያለውን የልብስ ሰፊዎች ግሩፕ የከፈተችው እሷ ናት። አራት ሺህ ሰው አለበት። ባለፈው ወር ጭር ሲልባት ወንድሟን አማከረች፤ እሱም ነጥብ የሚቆጥር ፕሮግራም አስገባላት። በጻፍክ ቁጥር ነጥብ ታገኛለህ፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ከስምህ ሥር ማዕረግ ይወጣልሃል። አድልዎ እንዳይኖር ሁሉም ከዜሮ ጀመረ።

ሁሉም ማለት ሁሉም ነው። ጋሼ ጠመኔም ጭምር።

ጋሼ ጠመኔ አርባ ዓመት ኮት ሰፍተዋል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሱቃቸውን ዘጉ፤ ከዚያ ወዲህ ያላቸው ሱቅ ግሩፑ ነው። በድምፅ መልእክት ያስተምራሉ። ሰፊዋ ኮሌታ መገልበጥ የተማረችው ስልኩን ከስፌት መኪናው አጠገብ አቁማ፣ እሳቸውን እየሰማች ነው። ፕሮግራሙ በገባ ማግስት ከስማቸው ሥር «ጀማሪ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። በየፎቶው ሥር «በርቱ!» ብሎ ጽፎ የሚያልፈው ሰውዬ ደግሞ በሳምንቱ «ሊቅ» ተባለ። ሰውዬው መርፌ ይዞ ማወቁን የሚያውቅ የለም።

ጋሼ ጠመኔ አልተቆጡም። ዝም አሉ። ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው። ጠዋት ልጃቸው ለሰፊዋ እንዲህ ብላ ጻፈችላት፦ «አባባ ከሰዓት ሲም ካርዱን ኢንተርኔት በሌለው ባለ ቁልፉ ስልክ ውስጥ ሊከት ነው። ‹እዚያ የሚፈልገኝ የለም› ይላል። እባክሽ አንድ ነገር አድርጊ።»

ሰፊዋ ስፒሎቹን መዳፏ ላይ ትተፋለች። «ነጥቡንም ማዕረጉንም በሙሉ አጥፋው።»

«ሊቁንም?»

«በተለይ ሊቁን።»

«ቅር ይለዋላ!»

«በርታ በለው።»

ወንድሟ እየሳቀ ያጠፋል። ከዚያ ሳቁን ይተዋል። «እሺ፣ እሳቸውን በምን ልትመልሻቸው ነው? ደውለሽ ይቅርታ ብትጠይቂያቸውስ?»

«ጠየቅኋቸው እኮ። ‹ምን አጠፋሽና ልጄ› ብለው ግማሽ ሰዓት ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። ክፉኛ ተቀይመዋል።»

«‹የክብር መምህር› የሚል ማዕረግ ልሥራላቸው፤ ለብቻቸው፣ በወርቅማ ቀለም።»

«የጡረታ ደብዳቤ ነው የሚመስላቸው።» ከግድግዳው ላይ አንድ ግራጫ ኮት ታወርዳለች። አካሉ አልቋል፤ እጅጌዎቹ ገና አልተገጠሙም። «አንተ የሰፊ አመል አታውቅም። ልብስ ሰፊ ሠርግ ሲጠራ ሙሽራውን አያይም፤ የሙሽራውን ትከሻ ነው የሚያየው። ትከሻው ከተበላሸ ደግሞ ምግቡ ራሱ ይጣፍጠዋል።»

የግራውን እጅጌ ታነሳለች። ቀኙ ብብት ላይ ታስጠጋዋለች። መኪናው ይንጣጣል።

ወንድሟ አንገቱን ያሰግጋል። «እትዬ፣ ክርኑ ወደ ኋላ ዞረ እኮ! ይሄ እኔም የማየው ነው።»

«አንተም ካየኸው ይበቃል።»

ኮቱን ማሳያው አሻንጉሊት ላይ ታለብሰዋለች። እጅጌው ሊሰርቅ እንደተዘጋጀ እጅ ወደ ኋላ ይንጋደዳል። ወደ መስኮቱ አዙራ ፎቶ ታነሳውና ከሥሩ ትጽፋለች፦ «እጅጌ እንዲህ ነው የሚገጠመው። የከበደው ከዚህ ይማር።»

«አራት ሺህ ሰው ፊት! ስምሽ ይጠፋል!»

«ይጥፋ። እስከ ምሳ ነው።»

በአንድ ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያው መልስ ይመጣል፦ «በርቱ!»

ወንድሟ ስክሪኑ ላይ ያፈጥጣል። «ያለ ነጥብም?»

«እሱስ ከልቡ ነው ለካ» ትላለች ሰፊዋ፤ ካውያዋን ታነሳለች።

ከዚያ ይጎርፋል። አንዱ ኮቱ ከሰው እየሸሸ ነው ወይ ይላል፤ አንዷ የግሩፑ ባለቤት ስልኳ ተሰርቆ ይሆናል ትላለች። ሰፊዋ አታይም። ኮሌታ ትተኩሳለች፤ ግን አንዱኑ ኮሌታ ሦስት ጊዜ ተኩሳዋለች።

«እትዬ» ይላል ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከስክሪኑ አናት ላይ «ጋሼ ጠመኔ ድምፅ እየቀዱ ነው» ይላል። ይጠፋል። እንደገና ይመጣል። ይጠፋል። ሰፊዋ ካውያውን አቁማ እጇን ቀሚሷ ላይ ትጠርጋለች።

የአራት ደቂቃ መልእክት ይገባል። የሚጀምረው በሳል ነው።

«ስሙኝ ልጆች። ይሄ የግራው እጅጌ ነው፤ ቀኝ ላይ ነው የገባው። እጅጌ እንደ ሰው ፊትና ጀርባ አለው። ከመግጠማችሁ በፊት በሁለት ጣት አንጠልጥሉት፤ የሚታጠፍበትን ራሱ ይነግራችኋል…» ድምፃቸው እየሄደ ይሞቃል። ከእጅጌ ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ገበር፣ ከገበር ደግሞ አንድ ጊዜ ወደ ሰፉለት ጎባጣ ሹም ይሻገራሉ። ወንድሟ ልብስ ሰፊ አይደለም፤ ግን ወንበር ስቦ ተቀምጧል።

መጨረሻ ላይ መልእክቱ ያለቀ ይመስላል።

«አንቺ ደግሞ። ፎቶውን አስፍቼ አየሁት። ስፌቱ ዘርዛራ ነው፤ ጫፉም አልታሰረም። ተሳስቶ የሚሰፋ ሰው አጥብቆ ነው የሚሰፋው። ይሄ ሊፈታ የተሰፋ ነው።» ይስሉ ይሳቁ አይለይም። «በይ ፈትተሽ በደንብ ግጠሚና አሳዪኝ። ከሰዓት እጠብቃለሁ።»

ሰፊዋ የክሩን ጫፍ ፈልጋ በሁለት ጣቷ ትይዛለች። ትስበዋለች። ክሩ አንዴም ሳይበጠስ ዙሪያውን ሽርር ብሎ ይወጣል፤ እጅጌውም እጇ ላይ ይወድቃል።