የሽማግሌው ኬክ

ሰናዳ የተቆረጠላትን ኬክ በሹካ እንደያዘች ወደ መስኮቱ አየች። ኬኩን ጋግረው ያመጡት ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ሽማግሌ ቤንግት ነበሩ። ባሏ ራሲም ደረጃው ላይ ልቡ ቆሞ በወደቀ ጊዜ፣ አምቡላንስ እስኪደርስ ደረቱን ሲጫኑ የቆዩት እሳቸው ናቸው። ራሲም ትናንት ከሆስፒታል ወጣ። እሷም ዛሬ ማንም ሳያስገድዳት፣ አላህን ለማመስገን ብላ ጾማለች። የስዊድን የበጋ ፀሐይ ለመጥለቅ ገና ብዙ ይቀራታል።

«ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ስጋግር የመጀመሪያዬ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን ከሹካው ሳያነሱ። «ካልጣመሽ ተይው።»

«ጾመኛ ናት ብዬ ልንገራቸው?» አላት ራሲም ሶፋው ላይ እንደተጋደመ፣ ሽማግሌው በማይሰሙት በአገራቸው በቦስኒያ ቋንቋ። «ይገባቸዋል እኮ።»

«አርፈህ ተኛ» አለችው። አላህ ባሏን የመለሰላት በእኚህ ሰው እጅ ነው። ቢስሚላህ ብላ ጎረሰች።

«እህስ?» አሉ ሽማግሌው።

«መሃሉ ሊጥ ነው።»

ቤንግት ሳቁ። «እሷም እንዲህ ፊት ለፊት ነበር የምትነግረኝ።»

«የሚቀጥለው ሐሙስ ይምጡና አብረን እንጋግራለን» አለች ሰናዳ። ከዚያ ትዝ አላት። «አይ፣ ሐሙስ ሐሙስ እጾማለሁ። አርብ ይሁን።»

ሽማግሌው ሰሃኗን አዩ። «ዛሬስ ሐሙስ አይደል እንዴ?»

«ነው» አለችና ሌላ እንዲቆርጡላት ሰሃኗን ዘረጋችላቸው።