የትርሲት ዘጠነኛ ፊልም

ትርሲት በአሥር ዓመት ስምንት አጫጭር ፊልሞች ሠርታለች፤ አንዱንም እሷ እንደቀረጸችው ያየ ሰው ግን የለም። ስልክ ሁሉ ፊልሙን ተመልካቹ ደስ እንዲለው እየለወጠ ያሳይ ተብሎ ሕግ ወጥቷላ! ዘጠነኛው የአባቷ የመጨረሻ ቀን ነው። ያኔ ሆስፒታል ተኝታ የነበረችውና ቀብሩም ያመለጣት እናቷ በፊልም እንኳ ትሰናበተው ብላ ነው የቀረጸችው። መቼም ስልኮቹ ሞትን አይነኩም ብላ ስልኩን ሰጠቻትና ጓዳ ገብታ ለቅሶዋን ጠበቀች።

የሰማችው ሳቅ ነው።

«አንቺ ውሸታም! ይኸው ተነስቶ ሸሚዙን እየቆለፈ አይደል እንዴ? ‹መጣሁ› እያለኝ እኮ ነው!»

«እማዬ፣ እሱን እኔ አልቀረጽኩትም። አባዬ ሞቷል።»

«ዝም በይ፣ ሟርተኛ!»

ስልኩ «ተመልካችዎ ረክተዋል» ሲል ለትርሲት አበሰራት። እናቷ ጥቁር ሻሿን ፈትታ ወረወረችና የባሏን ሸሚዝ ልትተኩስ ካውያውን ሰካች።