ቤቶች!

ከቆርቆሮው በር ጀርባ ዱላ መሬት ለመሬት ሲጎተት ሰማችና ባለችበት ደርቃ ቀረች። የያዘችውን ምሳ ዕቃ ወደ ደረቷ አስጠጋች። ባለፈው እሁድ እሷ ካለችበት የሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን ማኅበር ምግብ ይዛ የመጣችውን ልጅ፣ እዚህ ብቻቸውን የሚኖሩት ሽማግሌ በዱላቸው ግንባሯን ፈንክተዋት ነበር። ዛሬ ተራው የሷ ነው። ጎረቤታቸው በአጥር ላይ ብቅ ብለው፣ “የኔ ልጅ፣ ደጃፉ ላይ አስቀምጠሽ ሩጪ” አሏት። መሮጡን እግሯ ፈልጎት ነበር፤ ደጃፍ ላይ አስቀምጦ መሄድ ግን ለውሻ እንደ መስጠት ሆነባት።

“ቤቶች!” አለች። ድምፅዋ ተሰባብሮ ወጣ።

በሩ ሲጢጥ ብሎ ሲከፈት የተነሳውን ዱላ አየችና ዓይኗን ጨፈነች። ዱላው ግን አላረፈባትም። ስትገልጥ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ቆመዋል፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ነጭ ናቸው። ይህን ማንም አልነገራትም።

“ያቺኛዋ ሳትጣራ ነው የገባችው” አሉ፤ የሳቸውም ድምፅ ይንቀጠቀጣል። “ሌባ መስላኝ እኮ ነው። በጣም ጎዳኋት?”

“ድናለች፣ አባባ።”

ዱላውን አስደግፈው ሁለት እጃቸውን ዘረጉላት።

“ቤቶች ስትዪኝ” አሉ፣ “ከኔ ሌላ ማን አለ ብዬ አዳመጥኩ።”