ቀንዳሙ አንበሳ

አንበሳው ቀንዱን ከየት አመጣው? ሰውየው ከአክስቱ የጧፍ ሣጥን ሥር ያገኘውን የአንድ ብር ሳንቲም በአጉሊ መነጽር ደጋግሞ ቢያይም አልገባውም። ከአንበሳው ግንባር ላይ አንዲት ጠቆር ያለች ቀንድ ቀጥ ብላ በቅላለች።

ከውጭ ተምሮ ከተመለሰ ሁለት ዓመቱ ነው። አክስቱ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ «ለመሆኑ ምንድን ነው የተማርከው?» ባሉት ቁጥር የሚሰጠው መልስ ራሱንም አያሳምነውም። አሁን ግን ሲቀረጽ የተበላሸ ሳንቲም የሚለይ ዓይን እንዳለው ሊያሳያቸው ነው። ፎቶ አንስቶ ውጭ አገር ላለ ሳንቲም ሰብሳቢ ላከ።

«እንዲህ ያለ ስህተት አይቼ አላውቅም» ሲል መለሰለት ሰብሳቢው። «በቀን ብርሃን አንስተህ ላክልኝ። ከነስምህ በመጽሔታችን ሽፋን ላይ ይወጣል።»

«እትዬ፣ ይሄ ሳንቲም ነገ ፎቶ ይነሳል» አላቸው በኩራት። «መጽሔት ላይ ሊወጣ ነው።»

ጠዋት ሲነሳ ሳንቲሙ ነጭ መሐረብ ላይ ተቀምጦ እንደ መስተዋት ያበራል።

«እትዬ፣ ምን አደረጉት?»

«ምን አደርገዋለሁ? በሎሚና በአመድ ፈተግኩት። አገር የሚያየው ፎቶ እንደዚያ ቆሽሾ ይነሳ? ግንባሩ ላይ የጧፍ ሰም ደርቆበት፣ በጥፍሬ ፈንቅዬ ነው ያነሳሁለት።»

ሰውየው ሳንቲሙን አገላብጦ አየው። አንበሳው እንደማንኛውም አንበሳ ሆኗል።

«በል አንሳው እንጂ» አሉት። «ያጠብኩት እኔ መሆኔንም ጻፍላቸው።»

አነሳው። ከሥሩም «ያጠቡት ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ናቸው» ብሎ ጽፎ ላከ። መልእክቱ ወዲያው ተነበበ። መልስ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም።