ማቆሚያው ላይ ያለች ጣት

የስሌቱን ስህተት የሚያሳየው ቀይ መስመር መውረድ ሲገባው ሽቅብ ሲጋልብ፣ የልጅቱ ጣት የማቆሚያው ቁልፍ ላይ ደረሰች። አለቃዋ ከኋላዋ ቆሞ፣ «አላልኩሽም? አጥፊው! ዛሬም ካልሠራ ወደ አሮጌው ዘዴ እንመለሳለን» ብሎ ጮኸ። ለምሳ ልትወስዳት መጥታ ጥግ የተቀመጠችው እናቷ ስክሪኑን ገላመጠችው። ከመስመሩ ጎን ያለው ሥዕል በአውሮፕላን ክንፍ ዙሪያ የሚነፍስ ነፋስ ነው ይላሉ፤ ለእሷ ግን ሰካራም የሠራው የዓሣ መረብ ነበር።

«ልፋቴ ገደል ገባ፣ እማዬ» አለች ልጅ። «አሮጌው ዘዴ የመረቡን ዓይኖች ለየብቻ ነው የሚያርመው፤ ክንፉን የሚነኩት ቀጫጭኖቹ ጋ ሲደርስ ይለግማል። እኔ ጎረቤታሞቹን አንድ ላይ ባንዴ ላርማቸው፣ የተረፈውን ስህተት ደግሞ ሰፋፊ ዓይን ባለው መረብ ልጠርገው ነበር።»

«ይህን መስመር እንደጠበቅሽው ባል ጠብቀሽ ቢሆን ኖሮ፣ እስካሁን የልጅ ልጅ ታቅፌ ነበር» አለች እናት። ተነሥታም የልጇን ጣት ከቁልፉ ላይ አንሥታ ጭብጥ አደረገቻት።

«ምን እያደረጉ ነው እማማ? ይልቀቋት እንጂ!» አለ አለቃው።

አልለቀቀችም። መስመሩ አናት ላይ ጥቂት ተንጠለጠለና እንደ ተወረወረ ድንጋይ ቁልቁል ተምዘገዘገ፤ አሮጌው ዘዴ ደርሶበት የማያውቀውን ታች አልፎ ወረደ። አለቃው «ወረደ! ወረደ እኮ!» እያለ ጠረጴዛውን ደበደበ። ልጅ እናቷን አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት።

«እንደሚወርድ በምን አወቅሽ?»

«እኔ ምኑን አውቄ! በልጄ ላይ የምጮኸው እኔ ብቻ ነኝ። እሱ አጥፊው ብሎ ስለጮኸብሽ ነው የያዝኩሽ።»