ሥራው እምቢ ማለት የነበረ ባል

«አማቼ፣ ዛሬስ ማንን እምቢ አልክ?»

የሚስትየዋ ታናሽ ወንድም ነው... ለምሳ መጥቶ ገና ወንበር ሳይስብ ለከፋውን ጀመረ።

«ዛሬ እረፍቴ ነው... ነገ እክሰዋለሁ» አለ ባሏ።

ሁለቱ ፋይናንሺያል ኢንጂነሪንግ፣ ማለትም የገንዘብ ውልን በሒሳብ መቀመር፣ አብረው የተማሩ፣ አንድ ኩባንያ የተቀጠሩ ናቸው።

ሲመረቁ በሩ ብዙ ነበር... አክሲዮን ማገበያየት፣ ኢንሹራንስ፣ ሶፍትዌር...

ወንድሟ አዲስ የኢንቨስትመንት ውል ቀማሪ ሆነ። ተከበረ፣ መኪና ቀየረ።

ባሏ ግን ሪስክ ክፍል ገባ። ሌሎች የቀመሩትን እየፈተሸ አደገኛውን መጣል ነው ሥራው።

ደንቡ ጥብቅ ነው... ቀማሪና ፈታሽ ስም ለስም አይተዋወቁም።

«አንተ እኮ ከእሱ አታንስም» ትለዋለች ሚስቱ።

«አላንስም» ይላታል። እሷን የሚያበሽቃት ይኼ ነው።

ያን ቀን ምሳ ላይ ወንድሟ ድንገት ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ለጡረተኞች ገንዘብ የቀመርኩትን ውል ጣሉብኝ። ቢያልፍ ኃላፊ እሆን ነበር። አንድ ስሙን የደበቀ ፈሪ 'የተለካው በጥጋብ ዓመታት ብቻ ነው፣ ክፉው ዘመን አልገባበትም' አለኝ።»

ባሏ ማኘኩን አቆመ...

«ጨው አቀብዪኝ» አላት።

«ፊትህ ነው ያለው።»

«እንዴት አላየሁትም?» አለና ጨውን ሳበው።

ቆይቶ ሌላ ኩባንያ ተመሳሳይ ውል ሸጠ። ገበያው ሲወድቅ ጡረተኞቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ... የዚያ ውል ቀማሪም ታሰረ።

ወንድሟ «ዕድለኛ ነኝ» አለ። ለከፋውን ግን አልተወም።

ከዚያ ባሏ ታመመ... ሞተም።

ከቀብሩ በኋላ አለቃው ሊያጽናናት መጣ።

«አንድ ቀን ቢሮዬ ገብቶ 'የጣልኩት የሚስቴን ወንድም ውል ነው፣ ትናንት ምሳ ላይ ነው ያወቅኩት። ተሳስቼ ከሆነ ሌላ ሰው ይየው' አለኝ። ሌላ ሰው አየው... መልሱ ያው ሆነ።»

«ለምን አልነገረንም?»

«ደንብ ስለሆነ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ምን አለኝ... 'ካወቀ ቤቴ አይመጣም። እሷ ደግሞ ከእሱ ሌላ ወንድም የላትም። ይሳቅብኝ።'»

ወንድሟ ለለቀስተኛ የመጣ ወንበር ተሸክሞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

ቀስ ብሎ አስቀመጠው... አልተቀመጠበትም።

ወገኖቼ... የአንዳንድ ሥራ ፍሬው ሳይደርስ የቀረ ጥፋት ነው። ያልደረሰን ነገር ደግሞ የሚያመሰግን የለም። የሰውን ሙያ በመኪናው አትመዝኑ።

ልጃችሁ ተመርቃ «እኔ የምፈልገው እምቢ የሚባልበትን ሥራ ነው» ብትላችሁ... ምን ትመልሱላታላችሁ?