የአርባ ሴቶች ድምፅ

ፕሮፌሰሩ ከሠላሳ ዓመት በፊት አርባ ሴቶችን ስለ ትዳራቸው ጠይቆ፣ ድምፃቸውን በቴፕ ቀድቶ፣ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ጽፎ ስሙ የተነሳ ሰው ነው።

ልጅቱ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት ተቀምጣ ለእንዲህ ያሉ ምሁራን ፕሮግራም ትሠራለች። መጽሐፍ የጠገበ፣ ኮምፒውተር መክፈት ግን የማያውቅ ሞልቷላ!

ድምፅን ከድምፅ የሚለይ ፕሮግራም ሠራችለት። ፕሮግራሙም ቴፖቹን ሰምቶ ሰምቶ፣ «ሠላሳ ሴቶች» አለ።

«አርባ ናቸው!» ብሎ ጮኸ ፕሮፌሰሩ። «ሙሽራዋን፣ ባል የሞተባትን፣ የዘጠኝ ልጆች እናቷን... አስራ አንዱን አንድ ሴት አደረግሻቸው እኮ! በገዛ እጄ ነው የቀዳሁት። ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ በር ላይ ተሰልፈው አንድ በአንድ እየገቡ፣ ሲወጡ ሳሙና እየሰጠሁ። ያን ጊዜ ዓይነ አፋር ስለነበርኩ ዓይኔን ከቴፑ አላነሳም እንጂ፣ እያንዳንዷን ዛሬም አውቃታለሁ። እስከ ዓርብ ካላስተካከልሽው ውልሽን የሚያድስ የለም።»

ልጅቱ ሦስት ቀን ሙሉ ፕሮግራሙን ፈታትታ ገጠመችው። ሠላሳ። ራሷ ብታዳምጥ ቴፑ እንደ ዝናብ ይንሿሿል፤ አንዷ ትሽኮረመማለች፣ አንዷ ታለቅሳለች። በምን ሂሳብ አንድ ይሆናሉ?

ሐሙስ ምሳ ላይ ለአያቷ አወራቻት። አያትየው ሦስተኛ ክፍል እንኳ አልደረሰችም፤ ምላሷ ግን ዲግሪ ጭኗል።

«ታዲያ ምን ጎደለሽ?»

«ቴፑ ውስጥ የሌለ ድምፅ። እሱን ስጨምርበት ሠላሳ አንድ ካለ፣ ቢያንስ መለየት ይችላል ማለት ነው። እማማ፣ ነገ መጥተሽ ትንሽ አታወሪልኝም?»

«ትንሽ ማውራት አላውቅበትም» አለች አያትየው። «ግን እመጣለሁ።»

ዓርብ ጠዋት ሻሿን አሳምራ አስራ ምድር ቤት ወረደች። ፕሮፌሰሩን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ወፍረሃል።»

ፕሮፌሰሩ ሳቀ። «የአሮጊት ሰላምታ ደስ ይለኛል።»

«ይህን መላጣ ተሸክመህ እኔን አሮጊት?»

ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጣ ጎረቤቶቿን አማቻቸው። የአንዷን ለቅሶ፣ የአንዷን መሽኮርመም፣ የሌላዋን ንጭንጭ እያስመሰለች፣ ልጅቱን በሳቅ አፈረሰቻት። ልጅቱ እንባዋን ጠርጋ ቁልፉን ተጫነች።

ፕሮግራሙ እንደገና ቆጠረ።

«ሠላሳ።»

«ይኸው!» አለ ፕሮፌሰሩ እጁን እያጨበጨበ። «አያትሽን አጠገቡ አስቀምጠሽለት እንኳ ሊቆጥራቸው አልቻለም! በቃ፣ ዝጊው። ዕቃሽን ሰብስቢ።»

ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ገመዱን መጠቅለል ጀመረች። አያትየው ግን ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም። መዳፏን ወደ ፕሮፌሰሩ ዘረጋች።

«አወራሁልህ አይደል? ያቺን የጽጌረዳ ሽታ ያላትን ሳሙና አምጣ እንጂ፤ አስራ ሁለተኛዬን።»